በጡቡ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የደረስኩት ለቅሶ

ሰው ሞቶ የሚያለቅስለት ሲጠፋ ያየሁት አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንግሊዞች ከሠሩት የጡብ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ቆሜ ነው። ያን ቀን የደነገጥኩት ድንጋጤ እስካሁን ከሰውነቴ አልወጣም። ግን እዚያ ድረስ ምን እንዳመጣኝ አስቀድሜ መናገር አለብኝ። የኔ ወሬ እንደ እግሬ ነው፤ ቀጥ ብሎ አይሄድም።

ወሎ ሳለሁም እንዲሁ ነበርኩ። ጨው ግዢ ብለው ቢልኩኝ በሦስት ቀዬ ዞሬ፣ የታመመ ጠይቄ፣ የወለደች አይቼ፣ ጨዉን ረስቼ የምመለስ ሴት ነኝ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የያዝኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው፤ ልጅ አዝዬ ስለነበር ግማሹን ሰምቼ ግማሹን አልሰማሁትም። በዲቪ የመጣችው ልጄ እዚህ ስታስመጣኝ መጀመሪያ የተቀመጥነው ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። እዚያ አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ዕቃ ከብዷት አየሁና ከረጢቷን ተቀብዬ አውቶቡስ ላይ አብሬያት ወጣሁ። ስትወርድ ወረድኩ። ቤቷ ደጃፍ ድረስ አደረስኳት። እሷ አመስግናኝ በሯን ዘጋች፣ እኔ ደጅ ላይ ቀረሁ። ያለሁበት አገር ግሪንቤልት የሚባል መሆኑን የሰማሁት ልጄ ከፖሊስ ጋር መጥታ ስታገኘኝ ነው።

ልጄ ያን ቀን አልተቆጣችም። ከዚያ ይልቅ በማግስቱ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«እማ፣ ይሄን አንድ ጊዜ ይቅር ብያለሁ» አለችኝ። «ሁለተኛ ከጠፋሽብኝ ግን ቫን ይመጣል። ጠዋት ወስዶ የሽማግሌዎች መዋያ ያስገባሻል፣ ማታ ይመልስሻል። እኔ ሁለት ሥራ ይዤ አንቺን ስፈልግ መዋል አልችልም።»

መዋያውን አውቀዋለሁ። ክፉ ቤት አይደለም፤ ምሳ አለው፣ ነርስ አለው። በፎቃችን የነበረች አንዲት ሴት ትገባ ነበርና «ምን ስትሠሩ ትውላላችሁ?» ብላት «ቢንጎ» አለችኝ። «ከቢንጎ በኋላስ?» ብላት «ሌላ ቢንጎ» አለችኝ። እሱም ይሁን። የኔ ነገር በሩ ነው። በሩ በቁጥር ነው የሚከፈተው፤ ቁጥሩን ደግሞ ለሽማግሌ አይነግሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስወጣም ስገባም በሆዴ የያዝኩት ያን በር ነበር።

ልጄ ሥራዋ ወደ ቨርጂኒያ ሲዞር አሌክሳንድሪያ ገባን። ስምምነታችን እንዲህ ሆነ፦ እኔ በእግሬ እስከፈለግሁበት እሄዳለሁ፣ አውቶቡስ አልወጣም፤ እሷ በዙሁር ሰዓት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የምትሠራበትን ሆቴል አልጋ አንጥፋ ስታርፍ ትደውላለች፣ እኔ አነሳለሁ። የሚታጠፈውን ስልኬን በገመድ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። «ይቺን አረንጓዴ ተጫኚ። ቀዩን እንዳትነኪ» አለችኝ።

አሮጌው ከተማ ከቤታችን ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። መጀመሪያ ያስደነገጠኝ አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ነገር መኖሩ ነው። እኔ አገሩ ሁሉ ትናንት የተሠራ ነበር የሚመስለኝ። እዚህ ግን መንገዱ በወንዝ ድንጋይ የተነጠፈ አለ፣ ቤቱ ጠባብ፣ ጡቡ የከሰለ። በየበሩ ጎን የብረት ሰሌዳ ተለጥፏል። ጠልሰም መስሎኝ ስንት ቀን በሩቁ አለፍኩት። ቅዳሜ ቀን የልጄን ልጅ ይዣት ሄጄ «እስቲ ምን ይላል?» ብላት አነበበችው። የመጀመሪያው «እዚህ ቤት ሐኪም ይኖር ነበር» ይላል። ሁለተኛው «እዚህ ገመድ የሚፈትል ሰው ይኖር ነበር» ይላል።

«አሁንስ የት ሄዱ?» አልኳት።

«ግራንድማ! ሞተዋል እኮ። በጣም በጣም ድሮ።»

ገመድ ፈታይ ሞቶ ስሙ በብረት ተጽፎ ደጁ ላይ ይለጠፋል። አባቴ ሸማኔ ነበር። መቃብሩ ላይ እንኳ የቆመው ያልተጻፈበት ድንጋይ ነው። ሰሌዳውን በእጄ ዳበስኩት።

ያን ቀን የባሰውም መጣ። ደክሞኝ ሁልጊዜ የማርፍበት አግዳሚ ወንበር ላይ ስቀመጥ ልጅቷ ከጀርባዬ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረች። የአንዲት የሞተች ሴት መታሰቢያ ነው። ስሟ፣ የተወለደችበት፣ የሞተችበት ሁሉ አለ። ከወንበሩ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ሁለት ወር ሙሉ በሰው መቃብር ላይ ተቀምጬ ብርቱካን ስልጥ ከርሜያለሁ!

«ኖ፣ ኖ፣ እዚህ አልተቀበረችም። ስሟ ብቻ ነው። መቀመጥ ትወድ ነበር፣ ስለዚህ ልጆቿ ወንበር ገዙላት።»

«እሷ ስትወድ እኔ ልቀመጥላት?»

«የስ!»

ብዙ ካሰብኩ በኋላ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ግን ስቀመጥ «አላህ ያሳርፍሽ» ሳልል ቀርቼ አላውቅም።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ አገሩን ለመድኩት። የውሻ ውሃ በየሱቁ ደጅ በሳህን ይቀመጣል፤ አላፊ ውሻ ሁሉ ይጠጣል። መጻሕፍት ቤቱ ያለ ዋስ መጽሐፍ ያበድራል፤ ልጅቷ አሥራ አንድ መጽሐፍ ተሸክማ ስትወጣ በሩ ላይ ማንም አልያዛትም፤ እኔ ነኝ የተሳቀቅሁት። በዋናው መንገድ ላይ በነፃ የሚያሳፍር፣ ትሮሊ የሚሉት ባለ ደወል አውቶቡስ አለ፤ ሹፌሩ ሲያየኝ ደወሉን ያቃጭላል፣ እኔ ደግሞ አውቶቡስ አልወጣም ብዬ ለልጄ ቃል ስለገባሁ እጄን አውለብልቤ አሳልፈዋለሁ። መንገዱን ተከትለው ሲወርዱ ወንዙ ይመጣል። ከሁሉ የምወደው ወንዙን ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ መሐል ከተማ ላይ ነው። ከማዶው መኪና ማቆሚያ ላይ የሚሠራ አንድ የጎንደር ሰው አለ። ከርቀት ሲያየኝ ይጣራል።

«እማማ! ዛሬ ደግሞ የቱን ሰፈር ሊያስተዳድሩ ነው?»

«ያንተን። ተነሥ፣ ወንበሩን ልቀቅ።»

«ይውሰዱት! ካርታውንም ይውሰዱት።»

የዚያን ደብር ታሪክ የነገረኝ እሱ ነው። አስጎብኚዎች እዚያ ቆመው ሲያወሩ ስምንት ዓመት ሰምቷል። አገሩ የእንግሊዝ ሳለ የተሠራ ነው አለኝ። ያኔ የዚህ አገር ሰው ወደደም ጠላም የዚህ ደብር ሰው ነበር፤ ድሃውንም የሚጦር፣ ሙቱንም የሚቀብር ደብሩ ነው።

«አሁንስ ማንን ይቀብራል?» አልኩት።

«አሁንማ ቦታው ሞልቷል። አሁን ቱሪስት ብቻ ነው የሚገባ።»

መቃብሩን በአጥሩ ቀዳዳ ነበር የማየው። ድንጋዮቹ ጥቁርና ስስ ናቸው፤ አንዳንዱ ላይ የሰው ራስ ቅል ክንፍ አብቅሎ ተቀርጿል። ያን ስመለከት «አውዙቢላህ» ብዬ ዓይኔን ሳዞር ደግሞ ምን ባይ ጥሩ ነው? እንደ ጠረጴዛ በተሠራው መቃብር ላይ አንዲት ወጣት ተቀምጣ ሳንድዊች ትበላለች! ከሟቹ ጋር ምሳ። ለጎንደሬው ብነግረው «ቢሮዋ እዚህ ጎን ነው፤ ጥላ አለው ብላ ነው» አለኝ፣ ምንም እንዳልሆነ።

እንግዲህ ያች ቅዳሜ መጣች። ልጄ ሥራ ላይ ነበረች፣ ልጅቷ ኳስ ጨዋታ ሄዳ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስጠጋ ደወሉ በረጅሙ፣ አንድ አንድ ጊዜ እያለ ይመታል። ቆምኩ። ስድስት ወንዶች ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ባርኔጣ አድርገው፣ የሬሳ ሣጥን ተሸክመው ይመጣሉ። ፊታቸው መጽሐፍ የያዘ ቄስ አለ። ከሣጥኑ ኋላ ከራሷ እስከ እግሯ ጥቁር የለበሰች ሴት ብቻዋን ትራመዳለች። ሚስቱ ናት አልኩ። ልብሳቸው እንግዳ ቢሆንብኝ የሐዘን ልብሳቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ያላለፍኩት ተከታዩን ነው። አርባ ሰው ይሆናል፤ በቁምጣ ነው የመጣው! ፎቶ የሚያነሳ አለ። የሚስቅ አለ። አንዱ ትልቅ ሰው አይስክሬም እየላሰ ሬሳ ይከተላል። ወላሂ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። እንባ ያለበት አንድ ፊት ፈለግሁ፤ የለም።

ወሎ ለቅሶ አይታለፍም። የሟቹን ሃይማኖት ማንም አይጠይቅም፤ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን ሬሳ ይሸኛል፣ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን። እኛ ሴቶቹ መቃብር ድረስ አንወርድም፤ ለክርስቲያን ጎረቤት ሲሆን ግን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሸኝተን እዚያ እንቆማለን። እኔም አጥሩ ሥር ቆምኩ። ቀብር ላይ ስልክ እንዳይጮህ ብዬ ቀዩን ይዤ እስኪጠፋ ተጫንኩት።

አጥሩ ሥር እቆይ ነበር። ያቃተኝ የሴትዮዋ ነገር ነው። ባሏ ሞቶ ክንዷን የያዘ ሰው የለም። በቀኝ የለም፣ በግራ የለም። ብትወድቅስ? በእኛ አገር ባል የሞተባትን ሁለት ሴት ሳይደግፏት አንድ እርምጃ አትራመድም። ጠላት እንኳ ያን ቀን ይደግፋታል። ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጌ ገባሁና ክንዷን ያዝኩ።

ሴትዮዋ ክው አለች። በጥቁሩ መጋረጃ ውስጥ ዓይኖቿ ፈጠው አዩኝ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ እህቴ፣ አላህ ያጥናሽ» አልኳት። ቋንቋዬን አላወቀችም፣ እጇ ግን እጄን ያዘ። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። ሸሆቹ ጮኾ ማልቀስ ይከለክላሉ፤ አውቃለሁ። ግን አርባ ሰው ዝም ሲል እኔ ምን ላድርግ? ድሮ ጎረቤቶቼ ሲያለቅሱ የሰማሁት ዜማ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ከአፌ ወጣ፦

«ምን ዓይነት አገር ነው እንባ የማይወጣው፣
ሰው አፈር ሲገባ ዝም ብሎ የሚያጣው።»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ካሜራው ሁሉ ወደኔ ሆነ። ባለ አይስክሬሙ መላሱን አቆመ። እኔ ደረቴን እየመታሁ፣ ሴትዮዋን ደግፌ መቃብሩ ድረስ ወረድኩ። ሣጥኑን ሣር ላይ አስቀመጡት። ቄሱ አነበበ። ጉድጓዱን በዓይኔ ብፈልግ ጉድጓድ የለም። ሊጨርሱ ሲሉ ይቆፍሩ ይሆናል አልኩ።

ቄሱ መጽሐፉን ከደነ። አርባው ሰው አጨበጨበ።

መቃብር ላይ! ጭብጨባ! ወደ ኋላ ተንገዳገድኩ። አሁን እኔን ነው የደገፈችኝ፣ ሚስቱ። ይህ ሳይበቃ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ የሣጥኑን ክዳን ከፈተ። ሬሳ ሲገለጥ አላይም ብዬ ዓይኔን በሻሼ ሸፈንኩ። በረዶ ሲንኳኳ ሰማሁ። ቀስ ብዬ ባይ ሣጥኑ ሙሉ የውሃ ጠርሙስ ነው። በረዶ ውስጥ። ሰውየው አንዱን አንስቶ፣ በጨዋ ደንብ፣ በሁለት እጁ ወደኔ ዘረጋ።

ከሬሳ ሣጥን ውሃ! ሱብሃነላህ። ጮኽኩ መሰለኝ፤ ጎንደሬው መንገዱን አቋርጦ ሲሮጥ አየሁት። ሲደርስ ሳቁ አላናግር ብሎታል።

«እማማ! የሞተ የለም! ድራማ ነው!»

«ምን ማለትህ ነው የሞተ የለም? ተሸክመውት መጡ እኮ!»

«ውሃውን ነው የተሸከሙት። ሰውየው ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። የድሮ ቀብር እንዴት እንደነበር ለቱሪስት ለማሳየት ነው። በየዓመቱ ይቀብሩታል።»

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ።»

«ታዲያ ሰውየው መቼ ሊያርፍ ነው?» አልኩት።

ሴትዮዋ መጋረጃዋን ገለጠች። ዓይኗ ቀልቷል። እሷ ስታለቅስ ሳይ እኔ ደግሞ ግራ ገባኝ፤ የሞተ ከሌለ ለማን ታለቅሳለች?

ያን ጊዜ ስልኬ ትዝ አለኝ። ዙሁር ካለፈ አንድ ሰዓት ሆኖታል። ገና ሳበራው ጮኸ። «የት ነሽ?» የሚለውን ብቻ ሰማሁ፤ ስልኩን ጎንደሬው ተቀብሎ ቦታውን ነገራት።

ልጄ በሥራ ልብሷ፣ የሆቴሉ ስም ደረቷ ላይ ተለጥፎ መጣች። መኪናዋን መሐል መንገድ ላይ ጥላ ነው የወረደችው። እኔን ዓይኔ አብጦ፣ ጥቁር የለበሰች ፈረንጅ አቅፋኝ ስታየን ቀጥ አለች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም» አልኳት።

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?»

«ሳላውቅ ነዋ!»

ጎንደሬው ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሴትዮዋ ለልጄ ብዙ ነገር ተናገረች። ልጄ መተርጎም አልፈለገችም፤ «ንገሪኝ እንጂ» ብላት በግድ ነገረችኝ። በየዓመቱ ያቺን ሚስት ሆና በዚያ በር ትገባለች፤ እስከዛሬ ክንዷን የያዘ ሰው አልነበረም አለች። እኔ ስይዛት እናቷን የቀበረችበት ቀን መጣባት፤ ያኔም ብቻዋን ነበር የተራመደችው።

ልጄ በመኪናዋ ወደ ቤት ወሰደችኝ። በሩ ላይ ስንደርስ «ሰኞ ለመዋያው እደውላለሁ» አለች።

«እሺ» አልኳት።

«እሺ ብቻ?»

«ስልኩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ምን እላለሁ?»

ያን ማታ ራት ስንበላ ሁለታችንም ሰሃናችንን ነው የምናየው። የልጄ ልጅ ነገሩን ሁሉ ሰምታ፣ ስቃ ስቃ ከጨረሰች በኋላ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ማም፣ ሺ ዋዝንት ሎስት» አለች። ከዚያ ለኔ ብላ በአማርኛ ደገመችው። «እሷ አልጠፋችም። ያለችበትን ቦታ ታውቃለች። አንቺ ነሽ የማታውቂው።»

ልጄ ቆፍጠን ብላ ልትመልስላት ነበር፤ ሰሃኗን አንስታ ወደ ማጠቢያው ሄደች። እኔም ደነገጥኩ፤ እንዲህ ያለ ጠበቃ ቤት ውስጥ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

እሁድ ልጄ የምትተኛበት ብቸኛ ቀን ነው። በዚያ እሁድ ጠዋት ግን ጫማዋን አድርጋ አገኘኋት። «አሳዪኝ» አለችኝ። «በየቀኑ የምትሄጂበትን፣ አንድም ሳታስቀሪ።»

አሳየኋት። እዚያ ከተማ ከገባን ዓመት ሊሞላን ነው፤ እሷ የምታውቀው የመኪናውን መንገድ ብቻ ነበር። ትሮሊው ደወሉን ሲያቃጭልልኝ ዞራ አየችኝ። ውሻ ይዞ የሚያልፍ ሽማግሌ ባርኔጣውን አነሳልኝ። ጎንደሬው «እህቴ፣ እናትሽ ጠፉ ቢሉሽ አትመኚ፤ እኛ ነን ያለሳቸው የምንጠፋው» አላት። ልጄ ሳቀች። የመዋያው በር ከኋላዬ እየራቀ መሰለኝ።

ከዚያ ወደ ወንዙ ወረድን። ወንዙ ጋ ሳይደርሱ ትልቁ መንገድ አለ። ዳር ላይ የቆሙት ሰዎች መራመድ ሲጀምሩ እኔም እንደ ልማዴ አብሬ ተራመድኩ። ክንዴን የሳበኝን ጉልበት ያወቅሁት ወደ ኋላ ከወደቅሁ በኋላ ነው። ፊት ለፊቴ አንድ ነጭ መኪና ታጥፎ በነፋሱ ቀሚሴን አነሳው፣ ሄደ። ለካስ ሰዎቹ እየሮጡ ነበር የሚያልፉት፤ መብራቱ ቀይ ነበር።

«መብራቱን አታዪም?» አለችኝ ልጄ።

«ሰዉን ነው የማየው። ሰው ሲያልፍ አልፋለሁ።»

«ሁልጊዜ? በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

አሁንም ክንዴን እንደያዘች ነው። ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት፤ መኪናው ከሄደም በኋላ ጣቶቿ ክንዴን ጨምድደው አልለቅ ብለዋል። ከግሪንቤልት ጀምሮ የማውቀው ማስጠንቀቂያዋን ብቻ ነበር። ይህን ፍርሃት በሆዷ ይዛ የሰው አልጋ ስታነጥፍ እንደምትውል አላውቅም ነበር። ሬሳ ሣጥኑ ሲከፈት እንኳ እንዲህ አልደነገጥኩም።

በመጨረሻ ዓይኗን ጠርጋ፣ ወደ መጣንበት እያሳየችኝ ተናገረች።

«ለመዋያው አልደውልም። ከዚህ ወደ ላይ ያለው ሁሉ ያንቺ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ወንበሩም፣ ሰዉም። ይሄን መንገድ ግን ብቻሽን አትሻገሪም። ወንዙ ቀርቷል፣ እማ።»

«ቀርቷል» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ እስከዚያ ጥግ ድረስ እወርዳለሁ። ውሃው ከቤቶቹ መሐል እንደ ቢላ ስለት ቀጭን ሆኖ ይታያል። ሰዉ አጠገቤ ይሰበሰባል፣ ይጠብቃል፣ ይራመዳል። እግሬ አብሮ ሊነሳ ይላል። የመብራቱን ብረት በእጄ እይዛለሁ፤ ሁሉም እስኪያልፉ ድረስ እንደያዝኩት እቆማለሁ።